ማው ማው፦ ጫካ የገባውና መሬቱን የወረሰው

የምኒልክ_መንገድ_ልጅ (ናይሮቢ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁም። ናይሮቢ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት አለፈኝ። ጫካ ገብቶ እንግሊዝን ስለተዋጋው የኬንያ ንቅናቄ፣ ስለ ማው ማው፣ ልጽፍ ስል የሰው ቤት ጉዳይ ነው እያልኩ ብዙ ጊዜ ተውኩት። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምኖርበት ሕንፃ ዘበኛ የኒየሪ ሰው ናቸው። እዚህ ሽማግሌን “ምዜ” ነው የሚሉት፣ እኔም እንደዛው እጠራቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ በር ላይ ቁጭ ብለን ስናወራ ከኮታቸው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ከፍ የምትል የዛገች ቆርቆሮ ናት። ገመድ የሚገባባቸው ሁለት ጆሮዎች አሏት። “የአባቴ ኪፓንዴ ናት” አሉኝ።

ኪፓንዴ በቅኝ ግዛት ዘመን ጥቁር ወንድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረው የመታወቂያና የሥራ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ቆርቆሮው ውስጥ ይቀመጣል። የጣት አሻራው፣ ማን እንደቀጠረው፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ መቼ እንደለቀቀ ይጻፍበታል። ነጩ አሠሪ ካልፈረመለት ሌላ ሥራ አያገኝም። ሳይዘው ከተገኘ ይታሰራል። የምዜ ብሔር የሆኑት ኪኩዩዎች “ምቡጊ” ይሉት ነበር፣ የፍየል ቃጭል ማለት ነው።

የምዜ አባት አበርዴር ጫካ ገብተው ተዋግተዋል። ቆስለው ተያዙ፣ ከካምፕ ካምፕ ሲንከራተቱ ዓመታት አለፉ። ተፈትተው ቤታቸው ሲደርሱ ማሳቸው ታጥሮ የሌላ ሰው ሆኖ ጠበቃቸው። የወሰደው ነጭ አይደለም። ከእንግሊዝ ጋር የቆመ የሠፈራቸው ሰው ነው። ልጃቸው ዛሬም በስተርጅና የሰው በር ይጠብቃሉ።

ታሪኩን ለማታውቁት ትንሽ ልበል፣ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። እንግሊዞች የኬንያን ደጋ መሬት ለነጭ ገበሬዎች ሰጡ። የአገሬው ሰው ወይ በጠበበ ክልል ታጨቀ፣ ወይ ነጭ እርሻ ላይ ጭሰኛ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጭሰኛውንም ማባረር ጀመሩ። ወጣቱ በድብቅ መሐላ መፈጸም ያዘ። ከሙዝ ግንድ በተሠራ ቅስት ሥር እያለፈ፣ የፍየል ሥጋ እየቀመሰ፣ አፈር ይዞ ማለ። ራሳቸውን “ማው ማው” ብለው አልሰየሙም። የመሬትና የነፃነት ጦር ነው ያሉት። መፈክራቸው “ኢታካ ና ዊያቲ” ነበር፣ መሬትና ራስን መቻል። በጥቅምት 1952 አገረ ገዢው ኤቭሊን ባሪንግ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ከዚያ በኋላ ያለው ደም ነው።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰው ሁሉ የሚከራከረው “ማው ማው ጀግና ነው ወይስ ሽብርተኛ?” እያለ ነው። ምዜን የሚያንገላታቸው ጥያቄ ግን ይሄ አይደለም። እሳቸው የሚሉት “አባቴ ለመሬት ተዋጋ፣ መሬቱ የታለ?” ነው። ይሄን ጥያቄ እንግሊዝም አልመለሰውም፣ ነፃ የወጣችው ኬንያም አልመለሰችውም።

ሰዓሊዋ_ዘካዛንቺስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

ስለ ቃጭሏ ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። እናመሰግናለን ወንድሜ።

አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እኛ አገር እስከ ዛሬ በጆሞ ኬንያታ ስም ጎዳና አለን። ትምህርት ቤት የተማርነውም የማው ማው መሪ እሱ እንደሆነ ነው። መሪው ራሱ ፕሬዚዳንት ከሆነ ተዋጊዎቹ እንዴት ባዶ እጃቸውን ቀሩ?

የምኒልክ_መንገድ_ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

እህቴ፣ እኔም እዚህ እስክመጣ ድረስ እንደዛው ነበር የማምነው።

ኬንያታን የማው ማው መሪ ያደረገው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ነው። አዋጁ በታወጀበት ሌሊት ያዙት። ካፔንጉሪያ በምትባል ሩቅ ቦታ ከአምስት ጓዶቹ ጋር ከሰሱት፣ በ1953 ሰባት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። እሱ ግን ከመታሰሩ ከሁለት ወር በፊት ኪያምቡ ላይ በብዙ ሕዝብ ፊት ማው ማውን አውግዟል። ከእስር ሲወጣም ማው ማውን ድኖ እንዳለፈ በሽታ ነው የቆጠረው፣ ዳግም መነሳት የሌለበት። ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ “ሁላችንም ለነፃነት ታግለናል” የሚል ቋንቋ መጣ። ለጆሮ ደስ ይላል። ጫካ የከረመውንና የጫካውን ሰው ሲያሳድድ የነበረውን ግን እኩል አደረጋቸው።

ለኬንያታ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ጣሊያን ሲወረን ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ በተቋቋመው የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ጎዳናው ሲያንሰው ነው። ስለ ማው ማው ግን ሌላ ነው።

መሬቱ እንዴት እንዳመለጣቸው ልንገርሽ። ወንዶቹ ካምፕ ታጉረው ሳለ መንግሥት ማዕከላዊውን ክልል አዲስ እየሸነሸነ በስም ያዞር ጀመር። ሜዳው ላይ ቀርቶ ወሰን ያስለካው ከእንግሊዝ ጋር የቆመው ነው። ነፃነት ሲመጣ የነጮቹ እርሻ በነፃ አልታደለም። ከእንግሊዝ በተገኘ ብድር ተገዝቶ ለኬንያውያን ተሸጠ። ከካምፕ የወጣ ሰው በምን ይግዛ?

ከካፔንጉሪያ ተከሳሾች አንዱ ቢልዳድ ካጊያ ለመሬት አልባው ይሟገት ነበር። በዚሁ ሰበብ ከምክትል ሚኒስትርነቱ ወረደ። በ1965 ኬንያታ በሕዝብ ፊት አስቁሞ “አብረን ታሰርን፣ ጓደኞችህ ሀብት አፈሩ፣ አንተ ለራስህ ምን ሠራህ?” በሚል መንፈስ ወረፈው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ተማሪው “መሬት ላራሹ” እያለ ሰልፍ እንደወጣ አስቢ። ካጊያ በቆሎ እየፈጨ ኖሮ በ2005 አረፈ፣ ሀብት ሳያፈራ።

አሮጌ_መምህር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጆች፣ ይሄ ታሪክ ለእኛ አዲስ አይደለም። “የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ” ብለን ያንጎራጎርነው እኛው ነን። አምስት ዓመት ዱር ቤቴ ያለው አርበኛ ሲመለስ ወንበሩን ስንቱ ባንዳ ይዞት አገኘው። በላይ ዘለቀ በነፃ አገር፣ በገዛ መንግሥቱ ተሰቀለ።

የኬንያዎቹ “ሆም ጋርድ” የሚሉት ያው ባንዳ ነው። ባንዳ ባይኖር እንግሊዝ ያን ጫካ ባልደፈረ ነበር። የማው ማውን የጫካ መሪ ዴዳን ኪማቲን ራሱ በጥቅምት 1956 ተኩሶ ያቆሰለው ጥቁር ፖሊስ ነው። የሰቀሉትስ በምን ወንጀል? ሽጉጥና ጥይት ይዘህ ተገኘህ ተብሎ። በየካቲት 1957 ካሚቲ እስር ቤት ሰቅለው የት እንደቀበሩት እንኳ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ለእኔ ጉዳዩ ግልጽ ነው። አርበኛ አርበኛ ነው፣ ባንዳ ባንዳ ነው።

የሊሙሩ_ምራት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40

ጋሼ መምህር፣ እርስዎን ከልቤ ነው የማከብረው። ይሄን ቃል ግን እንዲሁ አልፌው መሄድ አልችልም።

ባለቤቴ ኪኩዩ ነው። ቤተሰቡ የላሪ ሰዎች ናቸው። ላሪን የማታውቁ ካላችሁ ከናይሮቢ ብዙም የማይርቅ ብርዳም ደጋ ነው። መጋቢት 26 ቀን 1953 ሌሊት ማው ማዎች መጡ። የሆም ጋርዶቹ ወንዶች ለቅኝት ወጥተው ነበር። ቤት የነበሩት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። በሮቹን ከውጭ በገመድ አሠሩ። ከዚያ ሳር ክዳኑን ለኮሱት። በመስኮት የወጣውን በገጀራ ጠበቁት። በዚያ ሌሊት 70 እና ከዚያ በላይ ሰው አለቀ።

አማቴ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ዛሬ ቤቷ ብትሄዱ ከውጭ በኩል መቀርቀሪያ ያለው በር አታገኙም። አንድም። የዶሮ ቤቱ እንኳ የለውም። አዲስ ተጋባን ጊዜ ለእንግዳ ክፍሉ የውጭ ቁልፍ ገዝቼ ወሰድኩ። ምንም ሳትናገር ከእጄ ተቀብላ ጓሮ ቀበረችው። ለምን እንደሆነ ባለቤቴ የነገረኝ ማታ ነው።

እሷን “የባንዳ ልጅ” ልበላት?

ላሪ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ጭካኔ አይደለም። ሥሩ መሬት ነው። እንግሊዝ የቲጎኒን መሬት ለነጮች ሲፈልገው ነዋሪውን “ላሪ ሂዱ” አለ። ሹሙ ሉካ ካሃንጋራ ተቀብለው ከተከታዮቻቸው ጋር መሬት አገኙ። እምቢ ያሉት ሜዳ ላይ ቀሩ። ያ ቂም ከ10 ዓመት በላይ ተብላልቶ ነው በዚያ ሌሊት የፈነዳው። ሉካም ከሞቱት መሀል ናቸው። በማግስቱ ደግሞ ሆም ጋርዱና ፖሊሱ ለበቀል ወጣ። ከማው ማዎቹ ይበልጥ ሰው የገደለው እሱ ነው ይባላል። እንግሊዝ በዓለም ፊት ያሳየው ግን የመጀመሪያውን ሬሳ ብቻ ነው። የሁለተኛው ቀን ሟቾች ፎቶም አልተነሱ።

የሁለቱም ቀን ሟቾች የአማቴ ዘመዶች ናቸው።

አሮጌ_መምህር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ልጄ፣ አንብቤ ቆየሁ። ስለ ሕፃናቱ አልከራከርሽም። ሕፃን ባንዳ አይሆንም። ስለ አማትሽ የተጻፈ ያህል ከተሰማሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሹሞቹን ግን አልምርም። በእንግሊዝ ዱላ ወገኑን የገረፈ፣ ሲመሽ የእስረኛ ሚስት በር ያንኳኳ፣ ሲነጋ መሬቱን ያስለካ ሰው ሌላ ስም የለውም።

ታዛቢ_ከለንደን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20

የእንግሊዝን ወገን ልጨምር። እዚህ አገር ለዓመታት የተወራው ማው ማው ነጭ አራጅ እንደሆነ ነው። በጠቅላላው ዘመን የተገደሉት ነጭ ሲቪሎች 32 ናቸው። በይፋ የተመዘገቡት የሞቱ ታጋዮች ከ11 ሺህ በላይ ናቸው። በፍርድ ብቻ የተሰቀሉት 1,090 ናቸው። ተንቀሳቃሽ መስቀያ ነበራቸው። ከ1 ሚሊዮን በላይ ገበሬ ከቤቱ ነቅለው፣ በቦይና በሾህ በታጠሩ መንደሮች አጎሩት።

እንደ ሆላ የሚያሳፍር የለም። መጋቢት 3 ቀን 1959 ሆላ ካምፕ ውስጥ 11 እስረኞች በዱላ ተደብድበው ሞቱ። መንግሥት መጀመሪያ የሰጠው መግለጫ የጠጡት ውኃ ገደላቸው የሚል ነበር። ከሬሳው ጋር ተጥሎ በሕይወት የተገኘ ዋምቡጉ ዋ ንዪንጊ የሚባል ሰው ነበር። ይኸው ሰው ከ50 ዓመት በኋላ ለንደን መጥቶ መንግሥትን ከሰሰ። አብረውት የተኮላሹ ወንዶች፣ በምርመራ ስም የተደፈረች ሴት ነበሩ።

መንግሥት “ይርጋ ያግደዋል፣ ተጠያቂውም ኬንያ ናት” ብሎ ተከራከረ። በዚህ መሀል ከቅኝ ግዛቶቹ ተጭኖ መጥቶ የተደበቀ የፋይል ክምር ሐንስሎፕ ፓርክ በሚባል የመንግሥት ግቢ ተገኘ። ከዚያ በኋላ መካድ አልቻሉም። ሰኔ 6 ቀን 2013 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሄግ ፓርላማ ላይ ቆሞ መጸጸታቸውን ገለጸ። ለ5,228 ሰው 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጠ፣ የጠበቃው ወጪም በዚሁ ውስጥ ነው። ወጪው ተቀንሶ ለአንድ ሰው ሲደርስ 3 ሺህ ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ይቅርታ የሚለውን ቃል ደግሞ ተጠንቅቆ ነው የዘለለው። በኋላ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ያቀረቡት ሌላ ክስ በ2018 ወደቀ።

አንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥቃዩን በ3 ሺህ ፓውንድ ፈርሞ ሲዘጋ ምን ይሰማው ይሆን?

የኤልዶሬቱ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡30

ሁላችሁም ማዕከላዊ ኬንያን ብቻ ይዛችሁ ነው የምታወሩት። እኔ የምሠራው ኤልዶሬት ነው። እዚህ ያሉ ካሌንጂኖች ስለ ማው ማው ብትጠይቋቸው ፊታቸው ይለወጣል።

“ነጮቹ የወሰዱት መሬት” ስትሉ የማን መሬት? ከስምጥ ሸለቆው ብዙው የማሳይና የካሌንጂን ግጦሽ ነበር። ማሳዮች በ1904 እና በ1911 ውል እየተባለ ነው የተነቀሉት። ነፃነት ሲመጣ ያ መሬት ለእነሱ አልተመለሰም። በግዢም በኩባንያም ብዙው ለኪኩዩ ሠፋሪ ሄደ። ለሠፋሪው “ደሜን ያፈሰስኩበት” ነው። ለካሌንጂኑ ሁለተኛ ወረራ ነው። በ2007 ምርጫ ማግስት ከ1,100 በላይ ሰው ሲሞት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሸሸገ ሰው ሲቃጠል፣ አንዱ ነዳጅ ይሄ ነበር።

ደግሞ ለነፃነት የታገለ ማው ማው ብቻ ነው እንዴ? የናንዲው ኮይታሌል አራፕ ሳሞኢ ከ10 ዓመት በላይ ተዋግቶ በ1905 ነው ለእርቅ ተብሎ ተጠርቶ የተገደለው። የጊሪያማዋ መካቲሊሊ ዋ ሜንዛ ሴት ሆና ሕዝቧን አሳምጻ፣ ታስራ፣ አምልጣ፣ በእግሯ ተመልሳ ነው የታገለችው። እነሱን ማን ያነሳል?

የምኒልክ_መንገድ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45

የኤልዶሬቱ፣ ልክ ነህ። የመጀመሪያ ጽሑፌ ላይ “የአገሬው ሰው” ብዬ በአንድ ቃል ጠቅልዬው ነበር። ከምዜ ጎን ቁጭ ብዬ ስለሰማሁት ነው። ከማሳይ ጎን ብቀመጥ ሌላ እጽፍ ነበር። ግን ለምዜ ስምጥ ሸለቆም አልደረሳቸውም። ያንን የገዛው ገንዘብ ያለው ነው። ድሃው ኪኩዩ የሀብታሙን ኪኩዩ ዕዳ ነው የከፈለው።

ሴት ስታነሳ ሙቶኒ ዋ ኪሪማ ትዝ አለችኝ። ፊልድ ማርሻል የተባለች ብቸኛዋ ሴት ናት። ጫካ ውስጥ የተጠመጠመ ፀጉሯን ነፃነት ከመጣም በኋላ አልቆረጠችም፤ የታገልንለትን ገና አላገኘንም ትል ነበር። በ2022 ነው የተቆረጠው፣ ከዘጠና ዓመት በላይ ሲሆናት። መቀሱን የያዘችው የኬንያታ ባለቤት ማማ ንጊና ናት። ያን ቀን እዚህ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ እርቅ ነው አለ። ግማሹ ትግሉን በመቀስ ዘጉት ብሎ አለቀሰ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። መሬት ሳይሰጡ ፀጉር መቁረጥ ምን የሚሉት ነው?

ማው ማው እኮ በሕግ እንደታገደ የቆየው እስከ 2003 ድረስ ነው። ነፃነት ከመጣ 40 ዓመት ሆኖት! የኪማቲ ሐውልት የቆመው በ2007 ነው። ጠመንጃና ጩቤ ይዞ፣ ኪማቲ ስትሪት እና ማማ ንጊና ስትሪት የሚገናኙበት ጥግ ላይ። የቁም ሐውልት ሠሩለት፣ አጽሙን ግን አልሰጡትም። ባለቤቱ ሙካሚ አጽሙን ፈልጉልኝ እያለች ኖራ በ2023 አረፈች። ቀብሯ ላይ ፕሬዚዳንቱ ሳይቀሩ ተገኝተዋል።

ሰዓሊዋ_ዘካዛንቺስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

የምራቷን ጽሑፍ ለምዜ ብታነብላቸውስ? ምን እንደሚሉ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የምኒልክ_መንገድ_ልጅ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡55

አነበብኩላቸው። በስዋሂሊ እየመለስኩ፣ ቀስ ብዬ። የበሩ መቀርቀሪያ ጋ ስደርስ “ድገመው” አሉኝ። ደገምኩት።

ብዙ ዝም አሉ። መኪና መጣ፣ ተነስተው በር ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ እስከ ዛሬ ያልነገሩኝን ነገሩኝ። የአባታቸው ታላቅ ወንድም ሆም ጋርድ ነበር። አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። አንዱ ጫካ ገባ፣ አንዱ የመንደሩን አጥር ጠበቀ። አጎትየው ማታ ማታ ለወንድሙ ልጆች ምግብ ያቀብል ነበር። እነሱም ያደጉት በዚያ ምግብ ነው። ማሳቸውን አጥሮ የወሰደው “የሠፈር ሰው” እሱ ነው።

“ለአባቴ ይሄን አንድም ቀን አልነገርኩትም” አሉ፣ ስለ ምግቡ ነው።

ከዚያ ስለ አማትሽ ጠየቁኝ፣ የሊሙሩ ምራት። ስማቸውን ሳይሆን “ከየትኛው ምባሪ ናቸው?” ነው ያሉት። ምባሪ ማለት አንድ መሬት የሚወርስ የዘር ሐረግ ነው። የእሳቸው እናት ወገን ከዚያ አካባቢ ነው መሰለኝ።

የሊሙሩ_ምራት | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡25

ዛሬ ጠዋት ደውዬ ጠየቅኳት። የኒየሪ ሽማግሌ ናቸው፣ አባታቸው ጫካ ነበሩ፣ አጎታቸው ሆም ጋርድ ነበሩ፣ የእናንተን ምባሪ ማወቅ ይፈልጋሉ አልኳት።

ስልኩ የተዘጋ እስኪመስለኝ ዝም አለች። ከዚያ “መጀመሪያ እሳቸው የራሳቸውን ይናገሩ” አለች።